እኔ ወደ ግራ፣ ኳየሩ ወደ ቀኝ

በዚህ ዕድሜዬ ዋሸሁ። ያውም በስልክ፣ ያውም ለታላቅ እህቴ፣ ያውም ከጸሎት እንደተመለስኩ ጫማዬን ሳላወልቅ። ሰይጣን አሳሳተኝ እንዳልል፣ ሰይጣን በዚያ ሰዓት ሌላ ሥራ ነበረበት። እኔው ነኝ። የእኔ አፍ ድሮም ከእግሬ ቀድሞ ነው የሚሄደው፤ አሁን ደግሞ እግሬ እያዘገመ ስለመጣ ርቀታቸው ሰፍቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምኖረው ከየካ ሚካኤል ጀርባ ዳገቱ ላይ ነው። የምጸልይበት አዳራሽ ከቤቴ ትንሽ ወረድ ብሎ ያለ የቆርቆሮ ቤት ነው፤ ክረምት ሲገባ ዝናቡ ከሰባኪው በላይ ይሰብካል። እዚያ አስራ ሰባት ወጣቶች ያሉበት ኳየር አለን። የልጅ ልጄ ሜሮን አንዷ ናት። ይህን የምትጽፍልኝም እሷው ናት፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ስለ እሷ የምለውን እንዳትዘለው ግን ጣቷን እያየሁ ነው።

እኔ ደግሞ የኳየሩ «የጸሎት እናት» ነኝ። ስሙ ትልቅ ነው። ሥራው ልጆቹ ሲለማመዱ የፊተኛው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብሎ እነሱን እያዩ መጸለይ ነው። አንዳንዴ እንቅልፍ ሸለብ ያደርገኛል፤ ዓይኔን ጨፍኜ ስለምጸልይ ማን ያውቅብኛል። እንዲህ ስል ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ።

ልጆቹ በየክረምቱ ትምህርት ሲዘጋ ለአገልግሎት ክፍለ ሀገር ይወጣሉ። በየከተማው ይዘምራሉ፣ በየሰው ቤት ያድራሉ፣ ግማሾቹ ጉንፋን ይዘው ይመለሳሉ። ዘንድሮ ከላምበረት መናኸሪያ መኪና ይዘው ወደ ሰሜን ሊሄዱ ሆነ፤ የመጨረሻዋ ማረፊያ ደግሞ እኔ የተወለድኩባት ትንሽ ከተማ። እዚያ ታላቅ እህቴ እትዬ ዘነበች አለች። ወገቧን ስለሚያማት አዲስ አበባ መምጣት ከተወች ስድስት ዓመት ሆናት፤ እኔም ዛሬ ነገ እያልኩ ሳልሄድ ቀረሁ።

እትዬ ዘነበች በልጅነታችን የሰፈሩ ድምፅ ነበረች። ሰርግ ላይ እሷ ታወጣለች፣ አገር ይቀበላል። እኔ አፌን ስከፍት «አንቺ ዝም ብለሽ አጨብጭቢ» ትለኛለች። አንድ ጊዜ የአጎታችን ልጅ ሰርግ ላይ ደፍሬ አንድ ስንኝ ባወጣ፣ ሙሽራዋን ልትወስድ ተጭና የቆመችው በቅሎ ገመዷን በጥሳ ሄደች። እትዬ እስከ ዛሬ «ባንቺ ድምፅ ነው» ትላለች። እኔ ዝንብ ነክሷት ነው እላለሁ። ይኸው ክርክራችን ስልሳ ዓመት አለፈው፤ በቅሎዋም ሞታለች፣ ሙሽራዋም ሞታለች፣ ክርክሩ ግን ደህና ነው።

እንግዲህ በስልክ «ልጆቻችን ወደ እናንተ ሊመጡ ነው፣ እኔም ልመጣ ነው» ስላት «አንቺ ደግሞ ምን ልትሠሪ» አለችኝ። «ልዘምር ነዋ። ኳየር ውስጥ ነኝ» አልኳት።  የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት። ከዚያ «በይ እንግዲህ፣ በቅሎዎቹን አስረን እንጠብቃለን» ብላ ሳቀችብኝ። በሳምንቱ ስትደውል ሰፈሩን በሙሉ ጠርታለች፣ በግም አስራለች። እንግዲህ ሁለት መንገድ ነው ያለኝ፤ ወይ ደውሎ ውሸቴን ነው ማለት፣ ወይ ውሸቱን እውነት ማድረግ። ሁለተኛው ይከብዳል፣ የመጀመሪያው ግን ያሳፍራል። ከባዱን መረጥኩ።

የኳየሩ መሪ ዮናስ ይባላል። ቀጭን፣ ትሁት፣ ቢሮ የሚሠራ ልጅ ነው፤ እምቢ ማለት ስለማይሆንለት «ደንብ አለ» ይላል። «ዘንድሮ ከእናንተ ጋር ቆሜ ልዘምር ነው» ስለው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ መልሶ አድርጎ አየኝ፣ እኔው ነኝ።

«እማማ፣ ለእርስዎ ይከብድዎታል። ደንብም አለ» አለኝ። ደንቡ ሦስት ነው። አስራ ሁለቱን መዝሙር በቃል መያዝ፤ ሽብሸባውን፣ ማለትም ወዲያና ወዲህ የሚሉትን፣ ከሰው እኩል መሄድ፤ ከጉዞው በፊት ደግሞ እንጦጦ ላይ በሚደረገው የተራራ ጸሎት ላይ መገኘት፣ ከፈረንሳይ ሰፈር ጀምሮ በእግር። ይህን ሁሉ የዘረዘረልኝ ተስፋ ቆርጬ ወደ አግዳሚዬ እንድመለስ ነው። ልጄ፣ እኔ አምስት ልጅ ያሳደግሁ፣ ሦስት ቤት አከራይ የቀበርኩ ሴት ነኝ፤ በሦስት ደንብ ወዴት እመለሳለሁ። «ደንብህን አጥብቀህ ያዝ፣ እኔም እይዘዋለሁ» ብዬው ወጣሁ።

ከመዝሙሩ ጀመርኩ። ሜሮን «እማ፣ ሲሪየስ ነሽ?» አለችኝ፤ ሲሪየስ ምን እንደሆነ ባላውቅም ነኝ አልኳት። አስራ ሁለቱን መዝሙር ስልኬ ላይ ቀድታ ሰጠችኝ። አከፋፈቱን አሳየችኝ፣ አዘጋጉን ግን ወይ እሷ አላሳየችኝም ወይ እኔ አላየሁም። በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ እንደተቀመጥኩ ስልኩ ከደረቴ ስር በከበሮ ጀመረ። ሰው ሁሉ ዘወር ዘወር አለ፤ እኔም አብሬ ዘወር ዘወር እያልኩ ጥፋተኛውን ፈለግሁ። እንባዋን ስታፈስ የነበረችው የሟች እህት እንኳን እግሯ ሲንቀሳቀስ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲያ ስልኩን ለሜሮን መለስኩላት።

ታዲያ አንድ ቀን እህል ስለቅም መላው መጣልኝ። ፊደል ባላውቅ እህል አውቃለሁ። ለእያንዳንዱ መዝሙር አንድ እህል ሰጠሁት። ስለ ባሕር መከፈል የሚለው ተልባ ሆነ፣ ሙልጭልጭ ስለሚል። ያ ቶሎ ቶሎ የሚለው ሱፍ፤ አንዱን ሳትውጠው ሌላው ጥርስህ ውስጥ ነው። ወንዶቹ ከታች የሚያጉረመርሙበት ባቄላ። አዝማቹ አስር ጊዜ የሚመላለሰው በቆሎ፣ ዙሪያውን አንድ ዓይነት ነው። ሜሮን ብቻዋን የምታወጣው ምስር፤ ትንሽ ናት፣ ስትንተከተክ ግን ድስቱን ትሞላዋለች። እንዲህ እንዲህ እያልኩ አስራ ሁለቱንም ቆንጠር ቆንጠር አድርጌ ሰፌድ ላይ በተራ ደረደርኩ። ጠዋት ጠዋት ከዳር ጀምሬ እስከ ዳር ስዘምር፣ ሰፌዱ ከሜሮን ደብተር በለጠ።

ጎረቤቴ አስካለ አጥሯ ከአጥሬ፣ ዕድሜዋ ከዕድሜዬ የተጣበቀ ነው። የኪዳነ ምሕረት ሰው ናት፤ በየወሩ እንጦጦ ሳትወጣ አትቀርም። እኔ ወደ ቆርቆሮው አዳራሽ መሄድ ስጀምር አንድ ዓመት ያህል አኮረፈችኝ፣ ከዚያ ማኩረፉ ሲሰለቻት ታረቀችኝ። አንድ ዓርብ ሰፌዴን ደጅ ትቼ ሱቅ ወረድኩ። ዝናብ መጣ። አስካለ ደግነቷ አይጣል ነው፤ በአጥሩ ክፍተት ገብታ ሰፌዱን አነሳችልኝ። እሷ ቤት ደግሞ ንፍሮ ተጥዷል። እህሉ ከረጠበ አይቀር ብላ ለንፍሮ የሚሆነውን ለቅማ ጨመረችው።

እኔ ተመልሼ ስገባ ጠራችኝ። ከንፍሮው ተቋደስኩ። አመሰገንኩ፣ ጨው እንዳነሰው እንኳ ነገርኳት። ሰፌዴን ስጠይቃት ነው ጉዱ የወጣው፤ ተልባ፣ ሱፍና ሌላው ደቃቁ እህል ብቻ ቀርቷል።

«አስካለ፣ ስድስት መዝሙር እኮ ነው የበላነው» አልኳት።

ነገሩን ስትረዳ እጇን ከሳህኑ አነሳች። «ስድስት የጴንጤ መዝሙር ሆዴ ገባ ማለት ነው?» አለች። «ለንስሐ አባቴ ምን ብዬ ልንገራቸው?»

«ሳላውቅ ነው በይ። ደግሞ ጨው አልነበረውም በይ።»

ከዚያ በኋላ ጸጸት ያዛት። አስካለ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ማንበብ ተምራለች፤ የሜሮንን ደብተር ተቀብላ በየጠዋቱ አጥሩ ላይ ተደግፋ ታስጠናኝ ጀመር። ስሳሳት ታርመኛለች፣ «ይቺ ቃል እኮ ከእኛ የወሰዳችኋት ናት» እያለች። በሁለት ሳምንት አስራ ሁለቱንም ያዝኩ። እሷም ይዛለች፣ ግን ይዣለሁ አትልም።

ሁለተኛው ደንብ ሽብሸባው ነው። ለእሱ ምንም አልፈራሁም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንቅልፍ ካልወሰደኝ በቀር አንድም እንቅስቃሴ አላመለጠኝም። ዮናስ በሜሮንና ቤቲ በምትባል ሸንቃጣ ልጅ መካከል አቆመኝ፤ ሜሮን በቀኜ፣ ቤቲ በግራዬ። ኪቦርዱ ጀመረ። ኳየሩ ወደ ቀኝ አለ፣ እኔ ወደ ግራ አልኩ። ቤቲ ወደ እኔ ስትመጣ እኔ ወደ እሷ ሄድኩ። እኔ ደግሞ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሥጋ አላነሰኝም። ቤቲ ቀጥላ የቆመችውን ያዘች፣ ያቺ ሌላዋን፣ ነገሩ እየተቀባበለ እስከ ኪቦርዱ ደረሰ፤ ኪቦርዱም ማንም ያልደረሰውን መዝሙር አንድ ጊዜ ጮኸ።

ዮናስ «ምንም አይደል፣ እንደገና» አለ። እንደገና ወደ ግራ ሄድኩ። በሦስተኛው ቤቲ ራሷ ዘወር ብላ አሳለፈችኝ። ሜሮን በቀኝ እጄ ላይ ቀይ ክር አሰረችልኝ፣ ክር ባለበት ሂጂ ብላ። ክሩን አየዋለሁ፣ ጭንቅላቴ ቀኝ ይላል፣ መዝሙሩ ሲጀመር ግን ወገቤ ለማንም አይታዘዝም። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲሁ ሆነ። ልጆቹ ደግ ናቸው፣ ማንም ክፉ አልተናገረኝም። ቤቲ ብቻ በቀኝ ትከሻዋ ላይ ፎጣ አጣጥፋ መምጣት ጀመረች።

ዮናስ አንድ ቀን ለብቻዬ ጠርቶ «እማማ፣ ዕድሜ ነው እኮ» አለኝ። ዕድሜ ቢሆንማ ወደ ኋላ ነበር የሚወስደኝ፤ ወደ ግራ የሚወስድ ዕድሜ የት ታውቃለህ አልኩት።   ቤቴ ገብቼ እትዬ ዘነበች ከነሰፈሯ፣ ከነበጓ ተሰብስባ ስትስቅብኝ ታየኝ፤ ያን ቀን እራት አልበላሁም። ይህን ጻፊው ሜሮን፣ ሰው ያልበላሁበትም ቀን እንዳለ ይወቅ።

የተራራው ቀን ደረሰ። አጋጣሚ የወሩ ኪዳነ ምሕረት ነበርና አስካለም ልትወጣ ተነሳች። ከፈረንሳይ ዳገቱን ተያያዝነው። ጭጋግ ነው፣ ጭቃ ነው። ልጆቹ ሳቅ እያሉ አለፉን። ለሩጫ የወጡ ጎረምሶች ሲወጡ አለፉን፣ ሲወርዱም አገኙን፤ ያለነው እዚያው ነበር። ሰው ሲመጣ ቆም ብለን ዓይናችንን እንጨፍናለን፣ የምንጸልይ እንጂ ትንፋሽ ያጠረን እንዳንመስል። አንድ መንገደኛ «ለእኛም ጸልዩልን እናቶች» ብሎ አለፈ። አስካለ «ይህ ሰው ጸሎት ቢያውቅ ውሃ ይሰጠን ነበር» አለች።

ወደ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው መንገድ ጋ ስንደርስ በይ ደህና ግቢ ብዬ ልሰናበታት ስል፣ ጉልበቴን አየችና ክንዴን ያዘችኝ። «ኪዳነ ምሕረት የትም አትሄድም። አንቺ ግን ልትወድቂ ነው» አለች። እንዲህ ሆኖ አንዲት የኪዳነ ምሕረት ሴት የጴንጤ የተራራ ጸሎት ላይ እኔን ደግፋ ደረሰች። ልጆቹ ባሕር ዛፉ ስር ከተቀመጡ አንድ ሰዓት ሆኗቸው ነበር። ሲያዩን ተነስተው አጨበጨቡ። ዮናስ ሰዓቱን አየ፣ ከዚያ እጁን ወደ ኪሱ ከተተ። ደንቡ መድረስ እንጂ መቼ መድረስ አይልም።

እኛ ዘንድ ኳየር ለጉዞ ከመነሳቱ በፊት ልብ ማጥራት አለ። ቂም ይዞ፣ ነገር ደብቆ መድረክ አይወጣም፤ በተራ እየተነሱ የበደሉትን ይናገራሉ። ጊታር የሚመታው ልጅ በዮናስ አረማመድ ሲቀልድ እንደኖረ ተናዘዘ። ሜሮን፣ ጣትሽ ለምን ቆመ፣ ሜሮን የኳየሩን ድፎ ዳቦ ሩቡን ብቻዋን በልታ እኔ እንደበላሁት ማስወራቷን ተናዘዘች። ሁሉም ሳቀ። ተራዬ ደርሷል።

ተነሳሁ። ለእህቴ ኳየር ውስጥ ሳልሆን ነኝ ማለቴን፣ ሰፈሩ መጠራቱን፣ በጉ መታሰሩን፣ ለዚህ ብዬ እንደተሰለፍኩ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ሳቁ ቆመ። ዮናስ መሬት መሬት እያየ፣ መዝሙሩን እንዳወቅሁት፣ ተራራውንም እንደወጣሁት፣ ሽብሸባው ግን እንዳልሆነ ተናገረ። እንደ ጸሎት እናት አብሬያቸው እሄዳለሁ፣ የመኪናው የፊት ወንበር የእኔ ነው። መድረክ ላይ ግን አልቆምም። «እህትዎ ደግሞ እውነቱን ከእርስዎ ቢሰሙ ይሻላል» አለኝ።

ልክ ነው። ምን እላለሁ። ሜሮን ደወለችልኝ፣ ጆሮዬ ስለደከመ ድምፁን ለሁሉ ከፈተችው። እትዬ ገና ሀሎ ሳትል አንድ ትንፋሽ አወራሁ። ኳየር ውስጥ አይደለሁም፣ አልነበርኩም፣ ልገባ ሞክሬ አልሆነልኝም፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ የምጸልይ ነኝ፣ ይቅር በይኝ አልኳት። 

«ጨረስሽ?» አለች እትዬ።

«ጨረስኩ።»

«አሁን እኔን ስሚኝ። እኔ ለሰፈሩ ሁሉ፣ የቄሱ ሚስት ሳትቀር፣ እህቴን ድምፅ ማውጣት ያስተማርኳት እኔ ነኝ ብያለሁ። በአደባባይ ነው ያልኩት። አሁን ማጨብጨብ ብቻ ነው የምትችለው ብዬ ልዙር? በቅሎ ትበጥስ፣ ግድግዳ ይፍረስ፣ ቆመሽ ትዘምሪያለሽ።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ደግሞ ስድስት ዓመት ነው ያላየሁሽ። ቆመሽ ልይሽ።»

ዘጋችው። ቤቲ ፎጣዋን ዓይኗ ላይ አድርጋለች። ዮናስ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። «አንድ ጊዜ ብቻ እንሞክር» አለ።

ሣሩ ላይ ተሰለፍን። አስካለ ፊት ለፊታችን ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ጊታሩ ጀመረ፣ ኳየሩ ወደ ቀኝ፣ እኔ ወደ ግራ፣ ቤቲ ወደ ሣሩ። ዮናስ አፉን ሊከፍት ሲል አስካለ እጇን አነሳች።

«ቆይ አንዴ» አለች። «ይቺ ሴትዮ ዘጠኝ ዓመት የተቀመጠችው እኔ አሁን የተቀመጥኩበት አይደለም? ፊት ለፊታችሁ? እናንተ ወደ ቀኛችሁ ስትሉ ከዚህ ሲታይ ወደ ግራ ነው። እሷ አልተሳሳተችም። ያየችውን ነው የያዘችው።»

ሁሉም እጃቸውን እያነሱ ቀኝና ግራቸውን አዩ። ሜሮን ሄዳ አስካለ አጠገብ ቆመች፣ አየች፣ «ኦ ማይ ጋድ» ብላ ተቀመጠች። እኔ ግን ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ዕድሜ አይደለም፣ መርሳት አይደለም። ዘጠኝ ዓመት ተኝታለች ለሚሉኝም መልስ አገኘሁ፤ የተኛ ሰው እንዲህ አድርጎ አይዝም።

ዮናስ ወገቤን ሊያዞረው ሞከረ፤ ሁለቴ አዞረኝ፣ ሁለቴ ተመለስኩ። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ብዙ አሰበ። ከዚያ ተነሳና፣ ልጁን እግዚአብሔር ይባርከው፣ ደንብ አላለም። «ኳየር፣ ከዛሬ ጀምሮ ሁላችሁም በግራ ነው የምትጀምሩት» አለ። አስራ ሰባት ወጣት ማዞር አንዲት አሮጊት ከማዞር ቀለለው።

የምንነሳው የፊታችን ሐሙስ ነው። ልጆቹ ለግራው ገና ናቸው። ትላንት ልምምድ ላይ ቤቲ ሜሮንን ገጨቻት፣ ጊታሩ የማይክራፎኑን መቆሚያ ጣለው፣ ዮናስ ራሱ ሊያሳያቸው ወጥቶ በቀኝ ጀመረ። እኔ መሃል ላይ ቀጥ ብዬ ወደ ግራዬ እሄዳለሁ፣ ወደ ቀኜ እመለሳለሁ፣ ማንንም አልነካም። በዕረፍት ሰዓት ቤቲ ትከሻዋን እያሻሸች መጣችና «እማማ፣ እስከ ሐሙስ የምንይዘው ይመስልዎታል?» አለችኝ።

«ትይዙታላችሁ ልጄ» አልኳት። «ካቃታችሁ ዝም ብላችሁ እኔን እዩ።»